ኋላ የቀሩት ከማን ነው? የጥንቱን ዘመን ስለሚጠሩ የእንግሊዝኛ ቃላት

የተከበራችሁ አድማጮች፤

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ የተጻፈ አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተጠይቄ ነበር። ጽሑፉ በአፋር ምድር ጎና በተባለው ስፍራ ስለተገኙትና 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስላስቆጠሩት የድንጋይ መሣሪያዎች የሚናገር ሲሆን፣ ከዐረፍተ ነገሮቹ አንዱ መሣሪያዎቹን «ፕሪሚቲቭ» ይላቸው ነበር። እኔም ብዙ ሳላስብ፣ መዝገበ ቃላቱም ይደግፈኛል ብዬ፣ «ኋላ ቀር የድንጋይ መሣሪያዎች» ብዬ ጻፍሁ። ረቂቁን ካነበቡልኝ ሰዎች መካከል አንዲት ወጣት መምህርት ከቃሉ በታች በእርሳስ አስምራ፣ በኅዳጉ ላይ «ኋላ የቀሩት ከማን ነው?» የሚል ጥያቄ ጽፋ መለሰችልኝ።

ጥያቄዋ አጭር ነው፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሳወጣው ሳወርደው ዋልሁ። እነዚያ እጆች ድንጋይን በድንጋይ እየመቱ ስለት ባወጡበት ዘመን፣ ጥሏቸው ያለፈና እነርሱ ሊደርሱበት ያቃታቸው ማንም አልነበረም። የእንግሊዝኛውን ቃል እስከ ሥሩ ብንከተለውም የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ «ፕሪሚቲቭ» የመጣው ከላቲኑ «ፕሪሙስ» ሲሆን፣ «ፕሪሙስ» ማለት ፊተኛ፣ አንደኛ፣ ቀዳማዊ ማለት ነው። እኔ ፊተኛውን ኋለኛ አድርጌው ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛ የጥንቱን ዘመን የሚጠራባቸውን ቃላት አንድ በአንድ ስከታተል ቆይቻለሁ። ዛሬ የማካፍላችሁ ከዚያ ያገኘሁትን ነው። አብዛኞቹ ቃላት ሲወለዱ የሚናገሩት ስለ ፊት፣ ስለ ማለዳ፣ ስለ ማደግና ስለ መጀመር ነው፤ የማርጀትና የመናቅ ስሜት በብዙዎቹ ላይ የተደረበው ዘግይቶ፣ አንዳንዴም በታወቀ ዘመንና በታወቀ ምክንያት ነው። ሥሩንና ድርቡን ሳይለይ የሚተረጉም ሰው እኔ በተሳሳትሁበት መንገድ ይሳሳታል።

ከፊት ልጀምር። አማርኛ ያለፈውን ጊዜ «በፊት» ይለዋል፤ ቃሉም ዓይንና አፍንጫ ያሉበት የሰው ፊት ነው። እንግሊዝኛም እንደዚሁ ነው። «ቢፎር» የተባለው ቃል በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ቤፎራን» ሲሆን ፍቺው «ከፊት በኩል» ነበር። አንደኛ የሚባልበት «ፈርስት»ም ከዚሁ ሥር ወጥቶ «ከሁሉ ፊት ያለ» ማለት ነው። የማቴዎስ ወንጌል በአማርኛ «ብዙዎቹ ፊተኞች ኋለኞች፥ ኋለኞችም ፊተኞች ይሆናሉ» ሲል፣ «ፊተኛ» የሚለው ቃል «ፈርስት» በሥሩ የያዘውን ነገር ሳያጎድል ይይዛል። አንዱ ከሌላው አልተዋሰም፤ ሁለቱ ቋንቋዎች የቤተሰብ ዝምድናም የላቸውም፤ የተናጋሪዎቹ አካል ግን አንድ ዓይነት ነውና ሁለቱም ጊዜን በገዛ ፊታቸው ለክተውታል።

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ፤ እንቆቅልሹም ለጉዳያችን ዋና ነገር ነው። «በፊት» ያለፈ ጊዜ ከሆነ፣ «ወደ ፊት» እንዴት የሚመጣ ጊዜ ሊሆን ቻለ? እንግሊዝኛም በዚሁ እንቆቅልሽ ውስጥ ነው፤ «ቢፎር» ወዳለፈው ሲያመለክት፣ ከአንድ ሥር የወጣው «ፎርዋርድ» ወደሚመጣው ያመለክታል። ነገሩ የሚፈታው ሁለት ሥዕሎች በአንድ ቃል ውስጥ ተቀምጠው እንደሆነ ሲታይ ነው። በመጀመሪያው ሥዕል ቀናት እንደ ሰልፈኛ ተከታትለው ይሄዳሉ፤ ቀድሞ የሄደው ከፊት ነው፣ ተከታዩ ከኋላው ነው፤ ስለዚህ የጥንቱ ሰው ከፊታችን ነው። በሁለተኛው ሥዕል ግን የምንጓዘው እኛ ነን፤ ፊታችንን ወደ ነገ አዙረን ስንራመድ ያለፈው ሁሉ ከጀርባችን ይቀራል። «ኋላ ቀር» የሚለው አነጋገር የተሠራው በዚህ በሁለተኛው ሥዕል ላይ ብቻ ነው፤ መንገዱ አንድ፣ መድረሻውም እኛ የቆምንበት ቦታ እንደሆነ አድርጎ ይወስዳል። የላቲኑ «ፕሪሙስ» ግን የመጀመሪያው ሥዕል ልጅ ነው። ሁለቱ ሥዕሎች ሲምታቱ የሰልፉ መሪ እንደ ወደቀ ተራማጅ ይቆጠራል።

ላቲን ለ«በፊት» የሚጠቀምበት ቃል «አንቴ» ሲሆን፣ እርሱም ግንባርን ወይም የፊት ገጽን ከሚያመለክት እጅግ አሮጌ ሥር የተገኘ ነው። ከ«አንቴ» ፈረንሳዮች «አንሲየን» አሉ፤ እንግሊዞችም ከእነርሱ ወስደው «ኤንሸንት» አሉት። በቃሉ መጨረሻ ላይ ያለው «ት» በ15ኛው ክፍለ ዘመን በስሕተት የተጨመረ ነው፤ ገበሬ የሚባልበት «ፔዛንት»ና ጨቋኝ ገዢ የሚባልበት «ታይራንት»ም ይህንኑ ትርፍ ፊደል ተሸክመዋል። ስለዚህ «ኤንሸንት» በሥሩ ርጅናን አይናገርም፤ የሚለው «የበፊት» ብቻ ነው። ቅድመ አያትን የሚጠራው «አንሴስተር»ም «ቀድሞ የሄደ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ በመሆኑ ከእኛው «ቅድመ» ጋር ጎን ለጎን ይቆማል።

ከዚሁ «አንቴ» የተወለደ አንድ ሌላ ቃል ግን የተለየ ዕጣ ገጥሞታል። ላቲኑ «አንቲኩዉስ» የበፊት ማለት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ሮም ውስጥ ከምድር በታች ተቀብረው የነበሩ የንጉሠ ነገሥት ኔሮ ቤተ መንግሥት ክፍሎች ተገኙ፤ ሠዓልያንም በገመድ እየወረዱ በችቦ ብርሃን ግድግዳውን ተመለከቱ። በግድግዳው ላይ ከወገቡ በላይ ሰው፣ ከወገቡ በታች ሐረግ የሆነ ፍጥረት፣ ክንፍ ያለው አውሬ፣ ከአበባ የሚወጣ ራስ ተሥሎ አገኙ። ጣልያኖች ይህን የሥዕል ስልት ከዋሻ ስም አውጥተው «ግሮቴስካ» አሉት፤ «አንቲኮ»፣ ማለትም የጥንት ሥራ፣ ብለውም ጠሩት። እንግሊዞች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ይህን «አንቲኮ» ሲወስዱ የጥንትነቱን ፍቺ ትተው እንግዳነቱን ብቻ ያዙ፤ ቃሉም የአስቂኝና የተጣመመ እንቅስቃሴ፣ የቀልደኛ ሥራ መጠሪያ ሆነ። ያው የላቲን ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ሲገባ ግን የክቡር ዕቃ መጠሪያ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ሱቆች ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር «አንቲክ» ተብሎ የምናየው እርሱ ነው። ከአንድ አባት የተወለዱ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ፣ ሌላው ለሣቅ ተሰጠ። እንግሊዝኛ ከጥንቱ ጋር ያለው ግንኙነት ምን ያህል ተለዋዋጭ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ጥንድ ቃል አላውቅም።

«አንቴ» የገባበት ሌላው ቃል «አንቲዲሉቪያን» ነው፤ ከማየ አይኅ በፊት የነበረ ማለት ነው። ቃሉን በ1640ዎቹ የፈጠረው ሐኪምና ደራሲ የነበረው ሰር ቶማስ ብራውን እንደሆነ ይነገራል። ለእርሱ ዘመን ሰው የኖኅ የጥፋት ውኃ የዘመን ድንበር ስለ ነበረ ቃሉ በቁም ነገር የተነገረ የዘመን መለኪያ ነበር። ዛሬ ጊዜው ያለፈበትን የቢሮ አሠራር ወይም የጽሕፈት መኪና ለመተቸት ያገለግላል። አማርኛ ለዚህ የመጀመሪያ ፍቺው የሚሆን ዝግጁ ቃል ስላለው ተርጓሚው ብዙ አይቸገርም፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሁለተኛውን ሲያገኝ ነው።

ወደ ማለዳ ልለፍ። «ኧርሊ» የሚለው ቃል የተሠራው በጥንታዊው እንግሊዝኛ «በፊት፣ ቀደም ብሎ» ከሚል አንድ አጭር ቃል ነው፤ ያም ቃል ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ቀንን ወይም ማለዳን ያመለክት ከነበረ ሥር እንደመጣ የቋንቋ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ፤ በግሪክኛም ዘመዱ «በማለዳ» ማለት ነው። ስለዚህ እንግሊዞች ስለ ጥንት ዘመን «ኧርሊ» ሲሉ ዘመኑን የታሪክ ማለዳ ማለታቸው ነው። እዚህ ላይ ከርዕሳችን ብዙም ሳልርቅ አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛ «ነገ» የሚለውን ቃል ያገኘው «ነጋ» ከሚለው ግስ፣ ወደ ግእዝ ስንመለስም ማለዳ ማለት ከሆነው «ነግህ» ነው። እንግሊዝኛ ነገን የሚጠራበት «ቱሞሮው»ም «ወደ ማለዳው» ማለት ነው። ማለዳ በሁለቱም ቋንቋዎች የቀኑ ፊት ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ነገን ሌላ ጊዜ ደግሞ ጥንትን ለመጥራት ተመረጠ።

የንጋትን ምስል ከሁሉ በላይ የተጠቀሙበት የሥነ ምድር ሊቃውንት ናቸው። ቻርልስ ላይል የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1833 የምድርን የቅርብ ንጣፎች በውስጣቸው በሚገኙት የቀንድ አውጣና የባሕር ዛጎሎች መጠን ሲከፋፍል፣ ዛሬም በሕይወት ያሉ ዝርያዎች ጥቂት ብቻ የሚታዩበትን ንጣፍ «ኢዮሲን» አለው። የግሪክኛ ቃላቱን ያቀበለው ወዳጁ ዊልያም ሂዌል ሲሆን፣ «ኢዮስ» ንጋት፣ «ካይኖስ» አዲስ ማለት ነው፤ ሲጣመሩም የአዲሱ ዘመን ንጋት ይሆናሉ። «ሚዮሲን» ያነሰ አዲስ፣ «ፕሊዮሲን» የበለጠ አዲስ ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1839 የተጨመረው «ፕሌይስቶሲን» ደግሞ እጅግ አዲስ ማለት ነው። ይህን ስታስቡ ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የወጣችበት ንጣፍ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ቢሆንም በስሙ፣ በ«ፕሊዮሲን»፣ ውስጥ የሚገኘው ቃል «አዲስ» መሆኑን ልብ በሉ። ላይል የመዘነው ከዛጎሎቹ አንጻር ነውና ቃሉ ውሸት የለበትም።

አሁን ደግሞ ወደምወደው ክፍል ደርሻለሁ፤ ጥቂት እንድቆይበት ፍቀዱልኝ። «ኦልድ» የሚለው ተራ ቃል በሥሩ መበስበስን ወይም መድከምን አያውቅም። የመጣው «ማደግ፣ መመገብ» ከሚል ሥር ሲሆን የመጀመሪያ ፍቺው ያደገ ማለት ነበር፤ በላቲን ዘመዱ የሆነው «አልቱስ» ከፍ ያለ ማለት ነው፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው የሚጠራበት «አደልት»ም ከዚሁ ቤት ነው። ይህን ከግእዙ «ብሉይ» ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። «በልየ» ማለት እንደ ልብስ አረጀ፣ አለቀ ማለት ነውና ብሉይ ኪዳን በግእዝ ያረጀ ኪዳን ሲሆን፣ በእንግሊዝኛው ሥር ደግሞ ያደገ ኪዳን ይሆናል። የግእዝ ተርጓሚዎች በ«ብሉይ» የመለሱት የግሪክኛ ቃል «ፓላዮስ» ነው፤ ይኸው «ፓላዮስ» በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሮጌውን የድንጋይ ዘመን ስም ለመሥራት እንደገና ተጠርቷል።

«ያደገ» ከሚለው ከዚህ ሥር የወጣ ሌላ ቃል በእንግሊዝኛ ዕለት ተዕለት ይነገራል፤ ይሁን እንጂ ውስጡን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። «ዎርልድ»፣ ማለትም ዓለም፣ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ዌር-ኦልድ» ነበር፤ «ዌር» ሰው ነው፣ ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ዕድሜ፣ ዘመን ነው። ዓለም ማለት «የሰው ዘመን» ማለት ነበር። ከቦታ ይልቅ ጊዜን ይጠራ የነበረ ቃል ቀስ በቀስ ምድርንና በላይዋ ያለውን ሁሉ መጥራት ጀመረ። ይህን መጀመሪያ ስረዳ ወዲያው የታወሰኝ የራሳችን ቃል ነው። ግእዙ «ዓለም» ዛሬ በአማርኛ የምንኖርባትን ምድር ይጠራል፤ በዕብራይስጥ ያለው ዘመዱ «ዖላም» ግን ዘላለምን፣ ማለቂያ የሌለውን ዘመን ይጠራል። እኛም በየዕለቱ በጸሎታችን መጨረሻ «ለዓለመ ዓለም» ስንል ስለ ቦታ አንናገርም፤ ስለ ዘመናት ዘመን እንናገራለን። «ዘላለም» የሚለው የአማርኛ ቃል ራሱ በውስጡ «ዓለም»ን ይዟል። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍም ይህንኑ ማሳረጊያ «መጨረሻ የሌለው ዎርልድ» ብሎ መልሶታል፤ ዛሬ የሚሰማው እንግሊዛዊ ማለቂያ የሌላት ምድር የተባለ ሊመስለው ይችላል፤ የቃሉ አሮጌ ፍቺ ግን ማለቂያ የሌለው ዘመን ነው። ዘመንና ዓለም በአንድ ቃል ውስጥ የተገናኙበትን ይህን መንገድ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ ሄደውበታል።

ዘመን የሚለው የላቲን ቃል «አይዉም» ነው፤ ከግሪክኛው «አዮን» ጋር አንድ ሥር አለው። ዕድሜ የሚባልበት «ኤጅ» በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ የመጣው ከዚሁ ከ«አይዉም» ነው። ከ«ፕሪሙስ» ጋር ሲገናኝ ደግሞ «ፕራይሚቫል»ን ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ዘመን የሆነ ማለት ነው። ሰው ያልነካውን ደን እንግሊዞች በዚህ ቃል ይጠሩታል፤ አማርኛ «ጥንታዊ ደን» ቢለው በቂ ይመስለኛል። በግጥምና በተረት የሚሰማው «ዮር» ደግሞ ቀለል ያለ ነው፤ «ዓመት» የሚለው ቃል ብዙ ቁጥር አገናዛቢ ቅርጽ፣ ማለትም «የዓመታት» ብቻ ነው።

አሁን ወደ ግሪክኛው «አርኬ» እንምጣ። «አርኬ» መጀመሪያ ማለት ነው፤ ሥልጣን፣ አገዛዝም ማለት ነው። ከመጀመሪያው ፍቺ ጥንታዊ የሚባልበት «አርኬይክ» እና ሥነ ቅርስን የሚጠራው «አርኪኦሎጂ» ወጡ፤ ከሁለተኛው ደግሞ ሞናርክ፣ የሊቀ ጳጳሳት ማዕርግ ስም፣ የአርክቴክትም ስም ወጡ። «አርካይቭ» የመጣው የመንግሥት ሹማምንት ከሚቀመጡበት ቤት ስም ነው፤ አሮጌ ወረቀት የሚከማችበት ስለ ሆነ አርካይቭ የተባለ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ስሙ ግን የሹመት ቤት ስም ነው። መጀመሪያ የሆነ ይገዛል የሚለው ሐሳብ ለኛም እንግዳ አይደለም። ግእዝ «ልህቀ» ሲል አደገ፣ አረጀ ማለት ነው፤ ከእርሱ የወጣው «ሊቅ» መጀመሪያ ሽማግሌን፣ ቀጥሎም አለቃን፣ ከዚያም ዐዋቂን የሚጠራ ሆነ። «ሊቀ መላእክት» ስንል ግሪኮቹ «አርኬ»ን በሚያስገቡበት ቦታ ላይ እኛ ዕድሜን አስገብተናል። ሲተረጎም «አርኬይክ»ን «ያረጀ ያፈጀ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ስለ አሮጌ የሕግ አነጋገር ከሆነ ይሁን፤ ስለ ግሪክ ሐውልቶች የመጀመሪያ ዘመን ወይም ስለ ጥንታዊ የሰው ዝርያ ከሆነ ግን ቃሉ እንደዚያ ሊባል አይገባውም።

በመጨረሻ ወደ «ፕሪሙስ» ቤተሰብ እመለሳለሁ፤ ያስቸገረኝ ቃል ያለው እዚያ ነውና። ይህ ቤተሰብ ሰፊ ነው። ፕሪምየር፣ ማለትም የመንግሥት መሪ፣ ከዚሁ ነው፤ «መጀመሪያውን ቦታ የያዘ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣው ፕሪንስም እንዲሁ። «ፕሪስቲን» የሚለው ቃል በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ፍቺው «የቀድሞ፣ የመጀመሪያ» ብቻ ነበር፤ ንጹሕ፣ ያልተነካ የሚለው ፍቺ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በአማርኛ የዚህ ተቃራኒ ጉዞ ያደረገ ቃል አለን፤ «ጥንት» በግእዝ መጀመሪያ፣ መነሻ ማለት ነው፤ «ጥንተ አብሶ» ስንልም አሮጌ በደል ማለታችን አይደለም፣ የመጀመሪያው በደል ማለታችን ነው። ዕለታዊው አማርኛ ግን «ጥንት»ን ከመነሻነት ይልቅ ወደ ሩቅነት ስቦታል።

ከቤተሰቡ ሁሉ የሚያምረኝ «ፕራይሞርዲያል» ነው። ሁለተኛው ክፍሉ «ኦርዲሪ» ከሚል የላቲን ግስ የመጣ ሲሆን፣ ግሱ ሸማኔ ሥራውን ሲጀምር ድር መዘርጋቱን ያመለክታል። ድር ሲደራ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ክሩ በረጅሙ ይዘረጋል፣ ማጉ ገና አልገባም፣ ሸማ የሚባል ነገርም የለም፤ ነገር ግን የሸማው ርዝመትና ስፋት ተወስኗል። ለፍጥረት መጀመሪያ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። በዚህ ቃል ውስጥ ገና ያልተሠራ ነገር አለ፤ የተናቀ ነገር ግን የለም።

«ፕሪሚቲቭ»ስ? ወደ እንግሊዝኛ ከገባ በኋላ ለረጅም ጊዜ የክብር ቃል ነበር። «ፕሪሚቲቭ ቸርች» ሲባል የሐዋርያትን ዘመን ቤተ ክርስቲያን፣ ምእመናን ሊመለሱባት የሚመኟትን ንጽሕት ቤተ ክርስቲያን ማለት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እንግሊዝ ውስጥ ከሜቶዲስቶች የተለየ ማኅበር ራሱን «ፕሪሚቲቭ ሜቶዲስት» ብሎ የሰየመው በኩራት ነው፤ ወደ መነሻችን ተመልሰናል ማለቱ ነበር። በዚያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ግን ሁለት ነገሮች ተከሠቱ። እ.ኤ.አ. በ1858 እና በ1859 በእንግሊዝ ብሪክስሃም ዋሻና በፈረንሳይ ሶም ወንዝ ሸለቆ፣ ሰው የሠራቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ከጠፉ እንስሳት አጥንት ጋር መገኘታቸው ተቀባይነት አገኘ፤ የሰው ዘመን ከማንኛውም መጽሐፍ በፊት እጅግ ረጅም እንደሆነ ታወቀ። ለዚያ ርዝመት ስም አስፈለገ። ዳንኤል ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1851 ስለ ስኮትላንድ በጻፈው መጽሐፍ ያስገባው «ፕሪሂስቶሪክ» የሚለው ቃል ያኔ ተስፋፋ፤ ጆን ሉቦክም እ.ኤ.አ. በ1865 አሮጌውንና አዲሱን የድንጋይ ዘመን ሰየመ። ሁለተኛው ክሥተት ደግሞ የከፋው ነው። ኤድዋርድ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1871፣ ሉዊስ ሄንሪ ሞርጋንም እ.ኤ.አ. በ1877 ያሳተሟቸውን የመሳሰሉ የሰው ልጅ ባህል ጥናቶች በምድር ያሉትን ሕዝቦች በአንድ መሰላል ላይ ደረደሯቸው፤ ከታች ዱር አዳሪ፣ ከላይ የሠለጠነ ተባለ። ከዚያ በኋላ «ፕሪሚቲቭ» በዚያው ዓመት በሕይወት ያለ፣ እንደ ጸሐፊው ሁሉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሚኖር ሰው መጠሪያ ሆነ። በራሱ ዘመን የሚኖር ሰው ፊተኛ ሊባል አይችልም፤ ፊተኛ የተባለው በመንገዱ ላይ እንደቀረ ስለ ተቆጠረ ነው። ቃሉ ትርጉሙን የገለበጠው በዚህች ቅጽበት ነው።

የአማርኛው «ኋላ ቀር» ከዚህ መሰላል ጋር የሚሄድ ቃል ነው። ለ«ባክዋርድ» ትክክለኛ አቻ ሊሆን ይችላል፤ ለ«ፕሪሚቲቭ» ግን አይሆንም። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ዛሬም ቃሉን በሥሩ ፍቺ ይጠቀሙበታል፤ የድንቅነሽ ረጃጅም ክንዶች «ፕሪሚቲቭ» ናቸው ሲሉ ከጥንት ወላጆቿ ሳይለወጥ የወረሰችው ጠባይ ነው ማለታቸው ነው፤ ንቀት የለበትም። ፈረንሳዮችም ለአፍሪካና ለኦሽንያ ጥበባት «ፕሪሚቲፍ» የሚለውን ትተው «ፕርሚዬ» ማለትን መርጠዋል፤ ሁለቱም ከ«ፕሪሙስ» የተወለዱ ናቸው፣ ሁለተኛው ግን የመሰላሉ አቧራ አልነካውም። ስለ «ፕሪሂስቶሪክ»ም አንድ ቃል ልበል። «ቅድመ ታሪክ» ብለን ተርጉመነዋል፤ ቃል በቃል ልክ ነው። ነገር ግን አውሮፓውያኑ ታሪክ ያሉት የተጻፈውን ብቻ ስለ ሆነ፣ «ቅድመ ጽሕፈት» ብንለው ሳይጽፉ የኖሩ ሕዝቦች ታሪክ አልነበራቸውም ከሚል ስሜት እንድን ነበር።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ላቲን፣ ስለ ግሪክና ስለ ጥንታዊው እንግሊዝኛ ነው። ነገር ግን ዛሬ ጥንታዊውን ዘመን በሚጠራው የሳይንስ እንግሊዝኛ ውስጥ የአፋርኛ ቃላትም አሉ፤ ይህንንም ሳልናገር መውረድ አልፈልግም። በአራሚስ የተገኘው፣ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረው የጥንት ሰው መሰል ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1994 «ራሚዱስ» ተባለ፤ «ራሚድ» በአፋርኛ ሥር ማለት ነው፤ በኋላ የተሰጠው የወገን ስም መነሻ የሆነው «አርዲ»ም መሬት፣ ወለል ማለት ነው። ዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ያገኘው፣ ከ5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረው «ካዳባ» የተባለው ስም የአንድ ቤተሰብ የመጀመሪያ አባት ማለት ነው። በቡሪ የተገኘው፣ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረው «ጋርሂ» ድንገተኛ ነገር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታወጀው፣ ሄርቶ ላይ የተገኘው የ160 ሺህ ዓመት ሰው ደግሞ «ኢዳልቱ» ተባለ፤ ታላቅ፣ ሽማግሌ ማለት ነው። ሊቃውንቱ ሄርቶ የተለየ ንዑስ ዝርያ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ዛሬ አይስማሙም፤ ቃሉ ግን ተመዝግቧል። ሥር፣ መሬት፣ የመጀመሪያ አባት፣ ሽማግሌ፤ በእነዚህ ስሞች ውስጥ ኋላ መቅረት የለም።

የጎናውን ጽሑፍ ሳርመው «የመጀመሪያዎቹ የድንጋይ መሣሪያዎች» አልሁት። «ኢዳልቱ»ን በአማርኛ እንድመልስ ብጠየቅ ደግሞ «ሽማግሌ»ም «ሊቅ»ም ስሕተት አይሆኑም፤ እኔ ግን የምመርጠው «ታላቅ» የሚለውን ነው፤ ታላቅ ወንድሜ፣ ታላቅ እኅቴ እንደምንል፣ የሄርቶው ሰውም ታላቃችን ነው።

አመሰግናለሁ።